ምዕራፍ ስድስት፦ የመጠበቅ ማዕረግ

በአውሮፕላን ማረፊያዎች «ላውንጅ» የሚባለው፣ ከሕዝቡ የጋራ መጠበቂያ አዳራሽ በበርና በአስተናጋጅ ተለይቶ፣ የተወሰኑ መንገደኞች ከፍተሻ በኋላና ከመሳፈር በፊት ያለውን ጊዜ ተቀምጠው፣ በልተው፣ ታጥበውና ጥቂት አሸልበው እንዲያሳልፉ የተዘጋጀ ክፍል ነው። ከሆቴል የሚለየው አልጋ ስለማይከራይበት፣ ከምግብ ቤት የሚለየውም ሒሳብ ስለማይጠየቅበት ሲሆን፣ የመግቢያው ዋጋ አስቀድሞ በትኬቱ ውስጥ ተካቶ ወይም በዓመታት ጉዞ በተጠራቀመ መብት ተከፍሎ ያለቀ ነው። ስለ ላውንጅ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከውስጥ ሆኖ የተጻፈ፣ ስለ ሶፋውና ስለ ቡፌው የሚያወራ በመሆኑ፣ ይህ ምዕራፍ ጉዳዩን ከሩቅ መነሻ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ካለው ከዋግ ኽምራ ደጋና ከዋና ከተማዋ ከሰቆጣ ጀምሮ ይመለከተዋል፤ ላውንጅ የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ የሚለየው መጠበቅ ራሱ ምን ያህል ሊረዝምና ሊከብድ እንደሚችል ከታወቀ በኋላ ነውና።

ለሰቆጣ የሚቀርበው መደበኛ በረራ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ የላሊበላው ነው። በአየር ቢለካ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ መንገዱ በተራራና በሸለቆ እየተጠማዘዘ፣ በቢልባላ በኩል አድርጎ የሚወርድ በመሆኑ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በዚያ ላይ ማረፊያው ያለው ከላሊበላ ከተማ በስተደቡብ፣ በሹምሽሃ ሜዳ ስለሆነ፣ ከሰሜን የሚመጣው የዋግ መንገደኛ ከተማውን አልፎ ገና መውረድ ይጠበቅበታል። ይህ ማረፊያ የአስፋልት መንደርደሪያ ከማግኘቱ በፊት አውሮፕላን የሚያርፈው በአፈር ሜዳ ላይ ስለነበረ፣ ክረምት ሲገባ በረራው ይቋረጥ ነበር። አሁን በሁለት ባለ ፕሮፔለር ሞተር የሚበሩት ኪው 400 የተባሉት አውሮፕላኖች ከላሊበላ አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ቢበቃቸውም፣ በሰሜኑ ጦርነትና ከዚያም ወዲህ በተከተለው የጸጥታ ችግር በረራው የተቋረጠባቸው ጊዜያት ነበሩ። እንግዲህ ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው፣ ላውንጅ የሚባለው ነገር ካለበት በር ከመድረሱ በፊት የመኪና ጉዞ፣ የላሊበላ አዳር፣ የአገር ውስጥ በረራና የአዲስ አበባ ቆይታ ያልፋል። ከእነዚህ ሁሉ ደረጃዎች ላውንጅ የሚያሳጥረው ወይም የሚያቀለው የመጨረሻውን ሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ሰውን በማዕረጉ ለይቶ ማስቀመጥ ግን ለዋግ እንግዳ ነገር አይደለም። የዋግ ገዢዎች «ዋግሹም» በሚባል ማዕረግ ይጠሩ የነበረ ሲሆን፣ በሚተረከው ታሪክ መሠረት፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዛጉዌ ነገሥታት ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ ሲለቁ፣ ዋግ ለዘራቸው የማይነቀል ርስት ሆኖ ጸና፤ ዋግሹሙም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ ልዩ ክብር ተሰጠው። ሌላው መኳንንት ቆሞ ወይም ምንጣፍ ላይ ሆኖ በሚጠብቅበት ችሎት፣ በወንበር መቀመጥ፣ ያውም በብር ወንበር፣ ከግብርና ከጦር ያላነሰ ፖለቲካዊ ትርጉም ነበረው። ከዚሁ ቤት የወጡት ዋግሹም ጎበዜም «ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ» ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል።

በቤተ መንግሥቱ የግብር አዳራሽም ሥርዓቱ ይኸው ነበር። «ግብር» ንጉሡ ወይም ታላቅ መኳንንት ለሠራዊቱና ለሕዝቡ የሚያበላው ድግስ ሲሆን፣ በዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ ንጉሠ ነገሥቱ መጀመሪያ ከከፍተኞቹ ሹማምንት ጋር በመጋረጃ ተከልለው ይበሉ፣ ከዚያም መጋረጃው ተገልጦ ተራው እንደየደረጃው በዙር ይገባ ነበር፤ የጠጁ ጥራትም ከከፍታው ወደ ዝቅታው እየቀጠነ ይሄዳል። የዛሬው አውሮፕላን በቢዝነስና በኢኮኖሚ መደብ መካከል የሚሰቅለው መጋረጃ፣ የላውንጁም በር፣ ከዚህ ሥርዓት ጋር የሚገናኙት ሰውን በመለየታቸው ነው። የሚራራቁት ደግሞ በሁለት ነገር ነው፦ በግብር አዳራሽ ታናሹ ታላቁን ያየዋል፣ ተራውም ቢዘገይ ይደርሰዋል፤ ላውንጅ ግን ውስጡ ከውጭ እንዳይታይ ተደርጎ የተሠራ ከመሆኑም በላይ፣ ከውጭ ያለው ሰው የሚገባበት ሁለተኛ ዙር የለውም።

ላውንጅ በመጀመሪያ የግብዣ ቤት ነበር። አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1939 በኒው ዮርኩ ላጓርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ «የአድሚራሎች ክለብ» የሚል ስም ያለው ክፍል ሲከፍት፣ ወደዚያ የሚገባው ኩባንያው የመረጠውና የጋበዘው ሰው እንጂ ገንዘብ ያለው ሁሉ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ግብዣው ቀስ በቀስ በአባልነት ክፍያ እየተተካ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከአንደኛ መደብ ዝቅ፣ ከኢኮኖሚ ከፍ ያለ «ቢዝነስ ክላስ» የሚባል መደብ በተለያዩ አየር መንገዶች ተፈጠረ። ይህ መደብ የተቆረጠው ለባለሀብቱ ሳይሆን፣ የትኬቱን ዋጋ መሥሪያ ቤቱ ለሚከፍልለት ሠራተኛ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው የሚመርጠው ርካሹን በረራ ሳይሆን ምቹውን ስለሆነ፣ አየር መንገዶች እሱን ለማባበል ከመቀመጫው ስፋት አልፈው ከአውሮፕላኑ ውጭ ያለውን ሰዓቱንም ማሳመር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ያው አሜሪካን ኤርላይንስ በተበረረ ማይል ልክ ሽልማት የሚሰጥ የደንበኝነት መርሐ ግብር ሲያቋቁም፣ ላውንጅ የመግባት መብት ከትኬት ተላቆ ከሰውዬው ጋር የሚሄድ ማዕረግ ለመሆን መንገዱ ተከፈተለት።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ዛሬ የቢዝነስ መደቡን «ክላውድ ናይን»፣ የደንበኞች መርሐ ግብሩን ደግሞ በንግሥተ ሳባ ስም «ሼባ ማይልስ» ብሎ ይጠራል። ሼባ ማይልስ ሰማያዊ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲኒየም የሚባሉ አራት እርከኖች ያሉት ሲሆን፣ የላውንጅ በር የሚከፍተው ከወርቅ ጀምሮ ያለው ነው። የዋግሹሙ ብር እዚህ ደጅ ላይ አይበቃም ማለት ነው።

ማይል የሚጠራቀምበት ስሌት ራሱ ለሩቅ ተጓዥ ያደላ ነው። ከላሊበላ አዲስ አበባ ያለው የአየር ርቀት 200 ማይል ገደማ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ዋሺንግተን ያለው ከ7,000 ማይል በላይ ነው፤ ርቀት ብቻ ቢቆጠር፣ አሜሪካ አንድ ጊዜ የሄደ ሰው የሚያገኘውን ማይል ለማግኘት የላሊበላው ተመላላሽ 35 ጊዜ መብረር አለበት። ስለዚህ በሥራው ምክንያት በየወሩ በአገር ውስጥ በረራ የሚንከራተት የመንግሥት ሠራተኛ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ባሕር ማዶ ከሚሻገር ሰው ይልቅ ብዙ ሰዓት በማረፊያ አዳራሾች እየጠበቀም፣ ከማዕረጉ ደጃፍ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. «ስታር አልያንስ» የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል መሆኑ የላውንጁን ጠባይ ለውጦታል። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በአምስት አየር መንገዶች የተመሠረተ ሲሆን፣ በውሉ መሠረት የአንዱ አባል የወርቅ ደንበኛ የሌላውን አባል ላውንጅ፣ በዚያው ቀን በኅብረቱ በረራ እስከተጓዘ ድረስ፣ በኢኮኖሚ መደብ ቢሄድም እንኳ አንድ እንግዳ አስከትሎ ሊጠቀም ይችላል። በፍራንክፈርት ወይም በኢስታንቡል የተገኘ ማዕረግ በአዲስ አበባው ማረፊያ በቦሌ ላይ ይሠራል፤ የቦሌውም እዚያ ይሠራል። ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ «ፕራዮሪቲ ፓስ» የሚባል ካርድ የላውንጅ መግቢያን ከአየር መንገድም ከበረራ መደብም ነጥሎ እንደ ማንኛውም አገልግሎት መሸጥ ጀምሯል። የራሱ ክፍል የሌለው አየር መንገድም ተሳፋሪዎቹን በሌላው ላውንጅ አስገብቶ በነፍስ ወከፍ ሒሳብ ይከፍላል። ይህ ሁሉ ሲደማመር በአንድ ላውንጅ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እዚያ የደረሱት በጣም በተለያየ መንገድ ይሆናል፤ አንዱ ለትኬቱ የሌላውን ብዙ እጥፍ ከፍሏል፣ ሌላው መሥሪያ ቤቱ ከፍሎለታል፣ ሦስተኛው ደግሞ የወርቅ አባል የሆነው ወንድሙ አስከትሎት የገባ ነው።

አየር መንገዶች ይህን ወጪ የሚሸከሙበት ምክንያት ከአውሮፕላኑ የመቀመጫ አደላደል ይታያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው ቦይንግ 787-8 በተለመደው አደላደሉ 270 መቀመጫዎች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ መካከል የቢዝነስ መደብ የሆኑት 24 ብቻ፣ ማለትም ከአሥራ አንድ መቀመጫ አንድ ገደማ ናቸው። ሆኖም የአንዱ ቢዝነስ ትኬት ዋጋ የኢኮኖሚውን ብዙ እጥፍ በመሆኑ፣ በረራው ማትረፍ አለማትረፉ በአብዛኛው በእነዚያ ጥቂት ወንበሮች መሙላት ላይ ይንጠለጠላል። በላውንጁ ውስጥ የሚቀርበው ምግብና መጠጥ ከዚህ አንጻር ሲታይ እዚህ ግባ የማይባል ወጪ ነው፤ ቡፌው ላይ ሁለት ጊዜ መነሣት አየር መንገዱን ይጎዳል ብሎ የሚያፍር እንግዳ ካለ እፍረቱ ከንቱ ነው።

የቦሌ ላውንጅ ምን እንደሚመስል ለመረዳት ግን ከምግቡ በፊት የበረራው ሰዓት መታየት አለበት። አዲስ አበባ «ሐብ» የሚባለው ዓይነት ማዕከል ናት፤ ይኸውም አየር መንገዱ ከብዙ ከተሞች የሚያመጣቸውን መንገደኞች በአንድ ጊዜ ሰብስቦ፣ አውሮፕላን አቀያይሮ እንደገና የሚበትንበት መገናኛ ነው። ለዚህ ሲባል በረራዎቹ ቀኑን ሙሉ በእኩል አይከፋፈሉም፤ እንደ ማዕበል ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ተሰብስበው ይሄዳሉ። ማለዳ ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከአሜሪካ የገቡት መንገደኞች ረፋዱ ሳያልፍ ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናሉ፤ አመሻሽ ላይ ከአፍሪካ የተሰበሰቡት ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ሌሊቱ እስኪጋመስ ወደ ሰሜን፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይነሣሉ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ማረፊያ መሆኑም የሌሊቱን መነሻ ይደግፈዋል፤ አየሩ በከፍታው ምክንያት ስስ ስለሆነ ክንፍም ሞተርም ሙሉ ጉልበታቸውን አያገኙም፣ ቀን ሲሞቅ ደግሞ ይብስ ይሳሳልና፣ ሙሉ ጭነትና ነዳጅ ለያዘ አውሮፕላን የሌሊት ቅዝቃዜ ይመቸዋል።

ስለዚህ በ1995 ዓ.ም. የተከፈተውና በጥር 2011 ዓ.ም. ማስፋፊያው የተመረቀው የቦሌ ሁለተኛ ተርሚናል ከነላውንጆቹ የሚኖረው ሁለት ዓይነት ኑሮ ነው። በማዕበሎቹ መካከል ባለው ሰዓት ላውንጁ በእውነትም የተባለውን ይመስላል፦ ድምፅ ዝቅ ያለ፣ ወንበር የተረፈ፣ አስተናጋጁ ሳህን የሚያነሣው ሳይቸኩል ነው። ማዕበሉ ሲመጣ ደግሞ፣ በተለይም ከምሽቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከላጎስና ከጆሃንስበርግ የገባው ነጋዴ፣ ለስብሰባ የሚሄደው ዲፕሎማት፣ ለዕረፍት መጥቶ የሚመለሰው ዲያስፖራ በአንድነት ይጎርፋሉና፣ ባዶ ወንበር ፍለጋ ቦርሳ ይዞ መዞር፣ ለሻወር ስም አስመዝግቦ ተራ መጠበቅ፣ የስልክ ቻርጀር የሚሰካበት ቀዳዳ መሻማት የተለመደ ይሆናል። ላውንጅ የሚሸጠው ከብዛት ማምለጥን ነው፤ የገዢው ቁጥር በበዛ መጠንም ዕቃው ራሱ እያለቀ ይሄዳል። ይህ የቦሌ ብቻ ሳይሆን በዓለም ላይ ያሉ የትልልቅ መገናኛዎች ሁሉ ችግር ነው፤ አንዳንድ አየር መንገዶች መግቢያውን በሰዓት እስከ መገደብና ለወርቅ አባላትና ለቢዝነስ ተሳፋሪዎች ለየብቻ ክፍል እስከ መሥራት የደረሱት በዚህ የተነሣ ነው።

ውስጡን በተመለከተ፣ የሌላው ዓለም ላውንጅ ሁሉ ያለው ነገር ቦሌም አለ፦ ሶፋ፣ ጋደም የሚባልበት ወንበር፣ ሻወር፣ ዋይፋይ፣ ጋዜጣ፣ የበረራ ሰሌዳ፣ ያለ ሒሳብ የሚቀዳ ቢራና ወይን። የቦሌን የሚለየው እንጀራና ወጥ፣ ከዚያም በላይ ቡና የሚፈላበት ጥግ ነው። ጀበና ተጥዶ፣ ረከቦት ተዘርግቶ፣ ሲኒ ተደርድሮ ቡና የምታፈላው ሠራተኛ ፊት የውጭ አገር መንገደኛ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሲያነሣ፣ ኢትዮጵያዊው አቦሉን ተቀብሎ ወደ ወንበሩ ይሄዳል። ቡና ማፍላቱ እዚህ ቦታ ላይ ከሥርዓቱ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ቡና በሰቆጣም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል እስከ በረካ የሚያስቀምጥ፣ ጎረቤት የሚያስጠራ፣ ሰዓት የሚበላ ነገር ሲሆን፣ በላውንጁ ግን የሚጠጣው ብቻውን ሆኖ የበረራ ሰሌዳ በሚመለከት ሰው ነው። ቢሆንም ይህ ጥግ ከሌላው ክፍል ሁሉ ይልቅ የማያውቁ ሰዎች የሚነጋገሩበት ቦታ መሆኑ አይካድም፤ ቆሞ ሲኒ የሚጠብቅ ሰው ከጎኑ ያለውን «ወዴት ነው?» ማለቱ አይቀርም። የጾም ወቅት ሲሆንም ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ የተሠራ ወጥ ማግኘት በብዙ አገር ላውንጆች የሚያስጨንቅ ጥያቄ ሲሆን፣ እዚህ ጾመኛው መንገደኛ የሚቀምሰው አያጣም።

ከአገር ቤት ለሚነሣ መንገደኛ ከላውንጅ መግባት ይልቅ የሚከብደው ጉዳይ የሰዓት አቆጣጠር ነው። ትኬት የሚጻፈው በአውሮፓውያን የ24 ሰዓት ስሌት ሲሆን፣ ቀኑም የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ በኢትዮጵያ ልማድ ግን ሌሊቱ የሚቆጠረው ከመሸበት ቀን ጋር ነው። ትኬቱ ላይ «ማክሰኞ 00:30» ተብሎ የተጻፈ በረራ፣ በአገር ቤት አነጋገር የሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል በረራ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሆነው ይችላል። ልምድ ያላቸው የትኬት ወኪሎች ይህን ስለሚያውቁ ቀኑን በቃል ደጋግመው ይነግራሉ፣ አንዳንዴም በብዕር «ሰኞ ማታ» ብለው ትኬቱ ላይ ይጽፋሉ፤ ለመንገደኛው ይህች የእጅ ጽሑፍ ከማንኛውም ሶፋ የበለጠ አገልግሎት ናት።

ከላሊበላ የሚነሣው በረራ በቀን ብርሃን የሚደረግ፣ የባሕር ማዶው ደግሞ አብዛኛው በሌሊት የሚነሣ በመሆኑ፣ ከዋግ የመጣ መንገደኛ በአዲስ አበባ ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ መጠበቁ የማይቀር ነው። ይህን ጊዜ የሚያሳልፈው በላውንጅ ሳይሆን በዘመድ ቤት ነው፤ እግሩን ታጥቦ፣ በልቶ፣ ትንሽ ጋደም ብሎ፣ የሰቆጣውን ወሬ ነግሮ፣ የተላከውን የዋግ ማር ለባለቤቱ አስረክቦ ማታ ይነሣል። ወደ ውጭ የሚሄደው ማር ካለም በሻንጣ ገብቶ መጫን አለበት፤ በፍተሻ ሕግ ማር እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ሆኖ በእጅ ቦርሳ ከተያዘ ፍተሻው ላይ ይቀራል። ተርሚናሉ ውስጥ የሚገባው ትኬት የያዘ ብቻ ስለሆነ ሽኝቱ የሚያልቀው ከበሩ ውጭ ነው። ላውንጅ ይበልጥ የሚጠቅመው ዘመድ በሌለበት ከተማ አውሮፕላን ለሚቀይር ሰው መሆኑን ያስተዋለ፣ ዘመድ ያለው ሰው እንዴት ሳይፈልገው እንደሚያልፍ አይደንቀውም።

ከዋግና ከአካባቢው ተነሥተው በቦሌ ከሚያልፉት መካከል ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱት ወጣቶች ይገኛሉ። በኤጀንሲ ተሰባስበው፣ አንድ ዓይነት ሰነድ ይዘው፣ ብዙ ሰዓት ቀድመው ስለሚመጡ፣ በተርሚናሉ ውስጥ ከማንም ይበልጥ ረጅም ጊዜ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፤ የሚጠብቁትም ወለል ላይ ነጠላ አንጥፈው ወይም በብረት ወንበር ጫፍ ላይ ሆነው ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን የተመለሱት በዚሁ ቦሌ በኩል ነበር። መጠበቅ እንደ ችግር ተቆጥሮ መፍትሔ ሲፈለግለት፣ መፍትሔው የተሠራው ብዙ ለሚጠብቀው ሳይሆን ብዙ ለሚከፍለው መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም።

ሌላው ተደጋግሞ የሚታየው መንገደኛ፣ ልጆቻቸውን ለመጎብኘት ወይም ለማረስ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ እናት ናቸው። ቋንቋ ስለማይችሉ፣ የሰሌዳውንም ጽሑፍ ስለማያነቡ፣ ልጆቻቸው ትኬት ሲቆርጡ የዊልቸር አገልግሎት ያስመዘግቡላቸዋል፤ እናት በእግራቸው ገደል ወጥተው የሚወርዱ ጠንካራ ሴት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ዊልቸሩ የተፈለገው ግን ለእግራቸው ሳይሆን፣ ከፍተሻ እስከ አውሮፕላን በር፣ ከዚያም በመቀየሪያው ከተማ ሳይጠፉ የሚያደርሳቸው ሰው አብሮት ስለሚመጣ ነው። አየር መንገዶች ይህን ልማድ ያውቁታል፤ በአንዳንድ በረራዎች በር ላይ የሚሰለፈው የዊልቸር ብዛትም ከዚህ የመጣ ነው። እኝህ እናት ከሰልፉ ሁሉ ቀድመው ያልፋሉ፤ የሚገፋቸውም ወጣት «እማማ» እያለ ያናግራቸዋል። ላውንጅ ውስጥ አዲስ ለገባ ሰው «ኖር» ብሎ የሚነሣ የለም፤ ለእኝህ እናት ግን መንገድ የሚለቅ አለ። የክብር ነገር ከተነሣ፣ በተርሚናሉ ውስጥ ለአገሬው ልማድ የሚቀርበው አገልግሎት ይህ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ሰቆጣ በዓለም አቀፍ አዳራሾች የምትታወቀው በሌላ በኩል ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የመንግሥት ውሳኔ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በከተማዋ ስም ተሰይሟል፤ «መቀንጨር» ሕፃን ልጅ በተመጣጠነ ምግብ እጦት ምክንያት ለዕድሜው ከሚገባው ቁመት በታች መሆኑ ነው። ስለዚህ ቃል ኪዳን የሚመክሩ ባለሙያዎችና ለጋሾች የሚመላለሱት በአየር ስለሆነ፣ በላውንጁ ቡፌ አጠገብ የሰቆጣ ስም ከሰቆጣ ሰው ይልቅ ደጋግሞ ሳይነሣ አልቀረም።

ላውንጅ ለመግባት መብት ያለው ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። በሩ ላይ የሚጠየቀው ቦርዲንግ ፓስ፣ ማለትም የመሳፈሪያ ካርዱ ሲሆን፣ በትኬት ያልገባ ሰው የአባልነት ካርዱን መጨመር አለበት። በብዙ ላውንጆች የጥሪ ድምፅ አይሰማም፤ ጸጥታው የአገልግሎቱ አካል ስለሆነ መንገደኛው ሰሌዳውን ራሱ መከታተል አለበት፣ ተኝቶ የቀረውንም የሚቀሰቅስለት ላይኖር ይችላል። ቦሌን በመሰለ ሰፊ ተርሚናል ከላውንጅ እስከ መሳፈሪያ በር ያለው እግር መንገድ ቀላል አይደለም፤ በሩም የሚዘጋው አውሮፕላኑ ከሚነሣበት ሰዓት አስቀድሞ ነው።

ይህ ሁሉ አደላደል ወደፊት ቦታውን እንደሚለውጥ ይጠበቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ሲጠናቀቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኞችን ያስተናግዳል የተባለ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ አቅዷል፤ ቦታው ከቦሌ ዝቅ ያለ በመሆኑ አውሮፕላኖች ከአሁኑ የበለጠ ጭነት ይዘው ሊነሡ ይችላሉ፣ ላውንጆቹም ከመጀመሪያው ለማዕበሉ ልክ ተለክተው ሊሠሩ ይችላሉ። በዚህ ዕቅድ ቦሌ ለአገር ውስጥ በረራዎች የሚቀር ከሆነ፣ ከላሊበላ የመጣው የዋግ መንገደኛ ቦሌ ላይ ወርዶ፣ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ እስከ ቢሾፍቱ ያለውን መንገድ በባቡር ወይም በመኪና ያቋርጣል ማለት ነው፤ የዘመድ ቤቱ ቆይታም ምናልባት ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ ይዛወራል።